ምን አይቶበት

ሽንቁር በየጠዋቱ ከፋብሪካው በር ገባ ብሎ፣ ብስክሌት የሚቆምበት ግንብ ሥር ይጠብቃታል። ሴትዮዋ ብቅ ስትል ኮፍያውን ያወልቃል። እሷም ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ፊት ለፊቱ ትቆምና ታየዋለች፤ መጀመሪያ ዓይኑን፣ ቀጥሎ ከንፈሩን፣ ከዚያ እጁን።

«ዘርጋ።»

ይዘረጋል። ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ።

«ገልብጥ።»

ይገለብጣል።

«እስቲ ተንፍስ።»

«እትዬ፣ ሰው ያየናል እኮ።»

«ይየን። ተንፍስ አልኩህ።»

ዓይኑን ጨፍኖ እፍ ይላል። ሻይ፣ ሲጋራ፣ ያልታጠበ ጥርስ። መጠጥ የለም። «ሂድ» ትለዋለች፤ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ወደ ሥራው ይሄዳል። ዘበኛው ከወንበሩ ሳይነሳ «ዛሬስ አለፈ?» ብሎ ይጮኻል። የሚስቅ ይስቃል፤ ከንፈሩን የሚመጥጥም ይመጥጣል።

ሥራዋ ቆዳ መምረጥ ነው። ጠጉሩ የረገፈና በመድኃኒት የተነከረ እርጥብ ሰማያዊ ቆዳ በጋሪ ተጭኖ ይመጣላታል። ሰፊው ጠረጴዛ ላይ፣ ከነጩ መብራት ሥር ትዘረጋውና ከአንገቱ ጀምራ በጀርባው አልፋ እስከ ጭራው በመዳፏ ትዳብሰዋለች። መዥገር የነከሰበት ነጥብ፣ ሽቦ የጫረው መስመር፣ የገፋፊው ቢላ የሳተበት ቁርጥ፣ እንስሳው በሕይወቱ ታሞ ያተረፈው ሸካራ ቦታ፤ ከእጇ የሚያመልጥ የለም። ከዚያ ጥግ ላይ ደረጃውን ትጽፋለች፤ ከአንድ እስከ ስድስት። ከስድስት በታች የሆነው ቁጥር እንኳ አይጻፍለትም፤ ውዳቂ ተብሎ ከበሩ አጠገብ ወዳለው ክምር ይወረወራል።

ለማንም አታዳላም። አንድ ጊዜ አለቃው ራሱ ወርዶ «ይቺን አራተኛ ቆዳ ሦስተኛ ብትያት ምን ይጎድልሻል?» ቢላት፣ ቀና ሳትል «እኔ አላሳመምኩት፣ እኔ አላድነው» ብላ አሳፍራ መልሳዋለች። ቤትም ያው ናት። ባሏ በደስታ ጊዜ «ለመሆኑ እኔን ስንተኛ ብለሽ ነው የወሰድሽኝ?» ይላት ነበር። «ሦስተኛ» ትለዋለች። «ሌላ ስላልመጣ ነው።»

ልጅ አንድ ነበራት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከጠረጴዛዋ ሥር ተቀምጦ ነው ያደገው። «እማዬ፣ ይሄ ስንተኛ ነው?» እያለ ያደርቃት ነበር። እያደር መጠየቁን ተወና ራሱ መናገር ጀመረ፤ ብዙ ጊዜም አይስትም። ሲያድግ እዚያው ፋብሪካ ገባ፤ የፍሳሽ ክፍል ተቆጣጣሪ ሆነ።

የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ እንደ ቤት ፍሳሽ አይደለም። ጠጉር የሚያረግፈው ውሃ ከአሲዱ ውሃ ጋር ሲገናኝ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ መጀመሪያ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ሽታው ድንገት ድርግም ብሎ ይጠፋል። አዲስ ሠራተኛ ገና ሽታው ሲነካው አፍንጫውን ይዞ ይሮጣል፤ ስለዚህ ይተርፋል። የሚሞተው ነባሩ ነው። ነባሩ ሽታውን ለምዶታል፤ የጠፋበት ጊዜ «ተነፈሰ፣ ወጣ» ብሎ ይወርዳል። አፍንጫውን ትቶ መለኪያውን የሚያምን ሰው ጉድጓዱ አፍ ላይ የሚቆመው ለዚህ ነው። ያ ሰው ልጇ ነበር።

የዚያን ቀን የጉድጓዱ ፓምፕ በጠጉርና በሥጋ ቅሪት ታነቀ። መጥረጉ የሽንቁር ተራ ነበር። አየር የሚነፋው ማሽን ገና አልተነሳም፤ የትንፋሽ ጭንብሉ አየር እንዲሞላ ወደ ውጭ ተልኳል። ልጇ መለኪያውን በሲባጎ አንጠልጥሎ እያወረደ «ቆይ» አለው። ሽንቁር ግን አጎንብሶ አሸተተና «ምኑን ነው የምቆየው? ሽታው ጠፍቷል እኮ» ብሎ መሰላሉን ይዞ ወረደ። ታች ሳይደርስ እጁ ለቀቀ።

መመሪያው ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፤ የወደቀን ሰው ያለ ጭንብል ማንም ተከትሎ አይወርድም። ይህንን ለሠራተኛው ሁሉ ያስተማረው ልጇ ራሱ ነው። እሱ ግን መለኪያው እጁ ላይ እየጮኸ፣ ቁጥሩን እያየ፣ ትንፋሹን ይዞ ወረደ። ገመዱን በሽንቁር ብብት ሥር አዙሮ አሰረና ነቀነቀው፤ ላይ ያሉት ሳቡ። ገመዱ አንድ ብቻ ነበር። ሽንቁርን አውጥተው፣ ፈትተው፣ ገመዱን መልሰው ሲወረውሩት ከታች የሚይዘው አልነበረም።

ሽንቁር ሆስፒታል ተኝቶ ሲያስል ከረመና ዳነ።

ሽንቁር የሚለውን ስም ያወጡለት ሠራተኞቹ ናቸው፤ እጁ የገባ ነገር አይቆይም፣ ጆሮው የገባም አይቆይም። የሰው ምሳ ይበላል። በምስጢር የነገሩትን ሳይመሽ ለአለቃ ያደርሳል። ሚስቱ ጥላው ከሄደች ወዲህ ከመጠጥ ቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ መጠጥ ቤት ነው። የልጇን ደህና ጓንት ሰርቆ ለመጠጥ የሸጠው እሱ ነው። ያ ሳያንሰው ልጇን «በሥራ ሰዓት ይተኛል» ብሎ አሳጥቶት፣ ልጁ ያልሠራውን ጥፋት ሲያስተባብል ከርሟል። ይህን ፋብሪካው በሙሉ ያውቃል። እናትየውም ታውቃለች።

በቀብሩ ዕለት ሰባኪው እግዚአብሔር ለዓለም ብሎ አንድ ልጁን አሳልፎ እንደሰጠ ተናገረ፤ ይህም ወጣት በዚያው በፍቅር መንገድ እንደሄደ፣ ነፍስን ለሌላ ከመስጠት የሚበልጥ እንደሌለ ተናገረ። ሰዉ አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም። ባሏ ክንዷን ይዞ ያለቅሳል፤ እሷ ግን ከሰው መሀል ሽንቁርን ፈልጋ አግኝታው ትኩር ብላ ታየው ነበር። አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር በጭንቅላቷ የሚመላለሰው፦ ምን አይቶበት ነው?

ነገሩን እንደ ሥራዋ አድርጋ አሰበችው። ልጇ ዓይን ነበረው፤ ዓይኑን የሠራችው እሷ ናት። ሳያይ ዕቃ የሚያነሳ ልጅ አልነበረም። ነፍሱን ከጣለለት እዚያ ሰውዬ ላይ እሷ ያላየችውን አንድ ነገር አይቶ መሆን አለበት። የተበላሸ ቆዳ እንኳ ከሆዱ በኩል መዳፍ የሚያህል ደህና ቦታ አይጠፋውም። ያን ቦታ ካገኘችው ልጇ በከንቱ አልሞተም። ካጣችው ግን… ካጣችው የሚለውን አልጨረሰችውም።

ሽንቁር ወደ ሥራ በተመለሰ ቀን በር ላይ ጠበቀችው።

«ከእንግዲህ መጠጥ የለም» አለችው።

«እሺ እትዬ።»

«እሑድ እሑድ ከኛ ጋር ቤተ ክርስቲያን ትገባለህ።»

«እሺ።»

«የጋዝ መለኪያውን አያያዝ ትማራለህ። የእሱን ቦታ ትይዛለህ።»

እዚህ ላይ ፊቱ አመድ ነፋበት። «እትዬ፣ እኔ ፊደል እንኳ በቅጡ…»

«ትማራለህ!»

ተማረ፤ መማር ከተባለ። መለኪያውን ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጥና ሁለት ጊዜ ጥሎ ሰበረው። ቤተ ክርስቲያን በእሷና በባሏ መሀል ታስቀምጠዋለች፤ ስብከቱ ሞቅ ሲል እሱ ያንቀላፋል፤ እሷ ጭኑን ትቆነጥጠዋለች፤ ዘሎ «አሜን!» ይላል፤ ሰው ይዞራል። ባሏ ግን አንዳንዴ ቀስ ብሎ ትከሻውን ያስጠጋለትና ሰውዬው እዚያ ላይ ተደግፎ ይተኛል። እሷ በሽንቁር አናት ላይ አሻግራ ባሏን በዓይኗ ትገላምጠዋለች።

ባሏ ጉልበቱ ታሞ ሥራ ካቆመ ቆይቷል፤ ቤት ውሎ ራቱን የሚያዘጋጀው እሱ ነው። አንድ ምሽት ሳህኑን እያቀረበላት «ተይው እንግዲህ ይሄን ሰው» አላት።

«ምን አደረግኩት?»

«አስጨነቅሽው። ከሳ እኮ።»

«እንዲለወጥ ነው። ልጄ የሞተለት ሰው እንዲህ ሆኖ አይቀርም።»

«ልጄ» ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ «ልጄ የሞተው እንዲድን ነው፤ እንዲፈተሽ ነው እንዴ? እግዚአብሔር እንኳ ልጁን ሲሰጠን…»

«እግዚአብሔር!» ማንኪያውን አስቀመጠች። «እግዚአብሔር ልጁን በሦስተኛው ቀን ተቀብሏል። የኔን ማን መለሰልኝ?»

ባሏ ሳህኑን ትኩር ብሎ አየው። በኋላ «እሱም ቢሆን ልጁ ሲሞት ቆሞ አይቷል» አለ።

ወራቱ ገፋ። እሷ በየጠዋቱ ፈተሸች፤ ያን ደህና ቦታ ፈለገች። አንድ ጊዜ ሽንቁር ከወደቀ ጋሪ ሥር የሰው እግር ሲያወጣ አየችና ልቧ ዘለለ፤ ቆይቶ ጋሪውን የጣለው ራሱ መሆኑን ሰማች። ሌላ ቀን ለአንዲት ጽዳት ሠራተኛ ዳቦ ሲሰጥ አየች፤ ዳቦው የሌላ ሰው ነበር። ይቅርታ እንዲጠይቅ ስታስገድደው ይጠይቃል፤ ፊቱን ሳይለውጥ፣ ልብሱን እንደሚቀይር ሰው። እና አንድ ጠዋት፣ «ዘርጋ» ብላው ጣቶቹ ሲርገበገቡ፣ ደስ እንዳላት ታወቃት። መልካም ነገር ያየችበት መስሏት አይደለም፤ መፍራቱ ነው ደስ ያላት። አጥርታ አየችው፤ የምታየውን ነገር አይታ እንዳላየች የማለፍ ልማድ የላትም። «ሂድ» አለችውና ያን ቀን እስከ ምሳ ድረስ የመረጠችውን ቆዳ እንደገና አስመጥታ መረጠችው።

ከዚያ ሳይቆይ ሽንቁር አንድ ጠዋት ከግንቡ ሥር ጠፋ።

ከጠረጴዛዋ ማዶ የምትሠራዋ መራጭ ሬዲዮ ትባላለች፤ ጠዋት ከተከፈተች ማታ ነው የምትዘጋው። «አልሰማሽም እንዴ እትዬ?» አለች፣ ቆዳውን በአንድ እጇ እየገለበጠች። «ሽንቁርሽ ትላንት መጠጥ ቤቱን ባንድ እግሩ አቆመው አሉ!»

«የኔ አይደለም።»

«እሺ፣ ሽንቁራችን። ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ፣ ጠርሙስ እያጋጨ፣ ‹እኔ ሞቻለሁ!› ይላል አሉ። ‹እኔ የሞትኩት ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ አሁን እዚህ የሚጠጣው የሴትዮዋ ልጅ ነው፤ እስቲ ቅዱለት!› ይላል። ሰው በሳቅ…» ሬዲዮ የሴትዮዋን ፊት አየችና በሕይወቷ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ ተዘጋች።

ሴትዮዋ ጓንቷን አወለቀች። ጠረጴዛዋን ትታ ስትሄድ ቆዳው መብራቱ ሥር እንደተዘረጋ ነበር፤ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

በታችኛው ክፍል፣ ቆዳ የሚታጠብባቸው ቤት የሚያህሉ የእንጨት በርሜሎች ይሽከረከራሉ። እነሱን የሚያዞረው ሽማግሌ ባለበርሜሉ ይባላል። የዚያን ቀን የገመዱን ጫፍ ይዞ የነበረው እሱ ነው። ገና ሲያያት ማሽኑን አጠፋ፤ በርሜሉ እያቃሰተ ቆመ።

«ያን ቀን ምን አለ?» አለችው።

«ነገርኩሽ እኮ እትዬ። ቸኩሎ ነበር፤ ምንም አላለም።»

«ዋሽተሃል።»

«ኧረ ባክሽ…»

«ስንት ዘመን አብረን ሠራን? ስትዋሽ ጆሮህን ታካለህ። እጅህን አውርድና ንገረኝ። ልጄ እዚያ ሰውዬ ላይ ምን አየበት? ያን ካወቅኩ ሰውየውን እይዘዋለሁ፤ ካላወቅኩ ላብድ ነው።»

ባለበርሜሉ እጁን ከጆሮው አወረደ። ዙሪያውን አየ። ሣጥን ስቦ ተቀመጠና እሷንም እንድትቀመጥ አመለከታት፤ አልተቀመጠችም።

«ለሟች ክብር ብዬ ነው የደበቅኩሽ» አለ። «እንዳትቀየሚኝ። መለኪያው ይጮኻል። እኔ ክንዱን ይዤ ‹ተው፣ ያ ሰው አልቆለታል› አልኩት። ‹አላለቀም፣ እግሩ ይንቀሳቀሳል› አለኝ። ‹ለማን ብለህ ነው? ለሽንቁር?› አልኩት። በግልጽ ነው የምነግርሽ፣ እንደሱ ነው ያልኩት።»

«እሱስ?»

«እሱማ ሰደበው።»

«ምን?»

«ሰደበው እትዬ! ጫማውን እያወለቀ ሰደበው። ‹ይሄ ውዳቂ› አለ። ‹ጓንቴን ሸጦ የጠጣ ውዳቂ፣ ቆይ ስለው የማይሰማ ደደብ› አለ። በእናቱም ጭምር ሰደበው። ‹አውቀዋለሁ፣ ማንም እንደኔ አያውቀውም፤ ልቀቀኝ› አለና እጄን መነጨቀ። ከዚያ ትንፋሹን ሳበ። ይኸው ነው። ሌላ የለም።» ሽማግሌው ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «እስቲ አንቺ ፍረጂ፤ ሰባኪው ‹ምን ብሎ ወረደ?› ብሎ ሲጠይቀኝ ይሄን ልበለው?»

«ሌላ ምንም?» አለች።

«ምንም።»

ከፋብሪካው ስትወጣ ገና ቀን ነበር። ዘበኛው ኮፍያውን ነካ። ሽንቁር የሚኖረው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ከመኪና ጎማ መጠገኛ በስተጀርባ ባለች ክፍል ነው። መንገዱን በእግሯ ሄደች። መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነበር፤ በልጇ። እያወቀ! ቁጥሩንም እያየ፣ ሰውየውንም እያወቀ። ብትጠየቅ እሷም የምትሰጠውን ደረጃ ሰጥቶታል፤ ስሙን ጠርቶ ውዳቂ ብሎታል። ያን ሁሉ ወራት መዳፏ እስኪላጥ የፈለገችው ደህና ቦታ አልነበረም። ልጇም ፈልጎ አልነበረም የወረደው።

ሐዲዱ ጋ ስትደርስ ባቡር እስኪያልፍ ቆመች። እዚያ ቆማ ሳለች ሌላ ሐሳብ መጣባት፤ አልወደደችውም። ከልጅነቷ ጀምሮ እግዚአብሔር ልጁን ለሰው ሰጠ ሲባል ስትሰማ፣ መቼም ሰው ላይ አንድ ነገር አይቶ ነው ብላ ነበር የምታምነው። ራሷንም በልቧ መድባ ነበር፤ አንደኛ ነኝ አትልም፣ ትዕቢት ነው፤ ሁለተኛ ግን አታጣም። አሁን ባቡሩ ፊቷ ላይ እየነጎደ የምታስበው፣ ከላይ ሆኖ ያየው እሱም ሁሉን አይቶ ቢሆንስ የሚል ነበር። ጓንቱን፣ ሐሜቱን፣ በሰው እጅ መንቀጥቀጥ መደሰቷን፤ አይቶ፣ ስሙን ጠርቶ፣ ከዚያ በኋላ ሰጥቶ ቢሆንስ? ባቡሩ አለፈ። ሐሳቡ አጽናናት ማለት አይቻልም። ሐዲዱን ተሻገረች።

የሽንቁር በር ገርበብ ብሎ ነበር። እሱ መሬት ተቀምጦ ልብሱን ማዳበሪያ ውስጥ ይጠቀጥቃል። ሲያያት ለመነሳት ሞከረና ግድግዳውን ተደገፈ። ዓይኑ ደም መስሏል፤ ፊቱ አብጧል። ክፍሉ መጠጥና ትውከት ይሸታል። ከልማዱ ብዛት ሁለት እጁን ወደፊት ዘረጋ።

«አውርደው» አለች።

«እትዬ፣ ጠጥቻለሁ። አልዋሽሽም። ብዙ ነው የጠጣሁት።»

«ይሸታል።»

«ልሄድ ነው። እኔ አልችልም። ምቺኝ ከፈለግሽ፤ ብቻ አልችልም። እሱን መሆን አልችልም።» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «በየሌሊቱ ምን እንደምፈራ ታውቂያለሽ? መሞትን አይደለም። ሞቼ እሱ ጋ ስደርስ አየት አድርጎኝ፣ ‹ውይ፣ ተሳስቼ ነው እኮ፤ ሌላ ሰው መስለኸኝ ነው› እንዳይለኝ ነው። ምን ብዬ እመልስለታለሁ?»

ሴትዮዋ ንግግር አዘጋጅታ ነበር የመጣችው። ልታዋርደው ነበር፤ ልጄ ምንም አላየብህም ልትለው። ያንኑ አለችው፤ ነገር ግን ከአፏ ሲወጣ እንዳሰበችው አልሆነም።

«አልተሳሳተም» አለች። «ሲወርድ ይሰድብህ ነበር።»

«ምን?»

«ባለበርሜሉ ነው የነገረኝ። ውዳቂ ብሎሃል። ጓንቴን የሸጠ፣ ደደብ፣ የማይሰማ ብሎሃል። በእናትህም ሰድቦሃል።»

ሽንቁር አፉን ከፍቶ አያት። «እንደሱ አለ?»

«እንደሱ አለ። ማንም እንደኔ አያውቀውም ብሏል።»

«ጓንቱንም… እኔ መሆኔን ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«አውቆ ነው የወረደው?»

«አውቆ።»

ሰውየው ቀስ ብሎ ግድግዳውን እየታከከ ወደ መሬት ወረደ። ከጉሮሮው አንድ ድምፅ ወጣ። ሳል መሰላት፤ ሳቅ ነበር። «በእናቴ!» አለ። «በእናቴ ሰደበኝ! እውነቱን ነው እኮ፤ እውነቱን ነው!» ሳቀ፣ ሳለ፣ ከዚያ ሳቁ ተገለበጠና ግንባሩን ማዳበሪያው ላይ ደፍቶ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ትከሻው ይነሳል ይወድቃል። ቆማ አየችው። ደህና ቦታ አልፈለገችበትም።

ሲበርድለት ጥግ ካለው ጣሳ ውሃ ቀድታ ሰጠችው። ጥርሱ ከጣሳው ጋር እየተጋጨ ጠጣ።

«ነገ ግንቡ ሥር አትጠብቀኝ» አለችው። «ነገም፣ ከዚያ ወዲያም።»

«እና ምን ላድርግ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ልቆይ? ልሂድ?»

«ራስህ እወቅበት።»

«እትዬ… ብጠጣስ?»

«ከጠጣህ ጠጣህ» አለች። ለመናገር ከብዷት ነበር። «እኔ አልመጣብህም። ያወጣህ እሱ ነው፤ እኔ አይደለሁም።»

በሩን ገርበብ አድርጋ ትታው ወጣች። ሽንቁር ይቆይ ይሂድ አላወቀችም፤ ዞራም አላየችም።

ቤት ስትደርስ ባሏ ድንች እየላጠ ነበር። ያለ ሰዓቷ ስትገባ ቢላውን ይዞ ቀና አለ። «ምነው? አመመሽ እንዴ?»

ወንበር ላይ ተቀመጠችና የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችው፤ የቀረ የለም፤ ስድቡንም አልዘለለችም። ስድቡ ጋ ስትደርስ ባሏ ሳያስበው ፈገግ አለ። «የኔ ጌታ» አለ። «ምላሱንም ካንቺ ነው የወሰደው።» ከዚያ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ሰውየውንስ?» አለ ቆይቶ።

«ተውኩት።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ።»

ባሏ ራሱን ነቀነቀና ወደ ድንቹ ተመለሰ። ልጣጩ እየተጠቀለለ ሳህኑ ውስጥ ይወድቃል። እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ነገ ጠዋት በር ላይ የምታየው ዓይን፣ የምታስገለብጠው እጅ የለም። ያን ሁሉ ወራት አንድ ያላለቀ ሥራ ይዛ ነበር፤ ሰውየው ከተስተካከለ የሆነ ቦታ ላይ የሆነ ነገር ተመልሶ የሚመጣ ይመስላት ነበር። አሁን የሚመለስ ነገር የለም። ልጇ ሰጥቶ ሄዷል፤ የሰጠው ደግሞ ተቀባዩ ቢጠጣውም የተሰጠ ነው። እጇ ባዶ ነው። ከእጇ ላይ ቀና ስትል ባሏን አየችው፤ በእነዚህ ወራት ምን ያህል እንዳረጀ ያየችው አሁን ነው።

«ልጃችን እኮ ሞተ» አለችው፤ ወሬው አሁን ገና የደረሳት ይመስል።

ባሏ ቢላውን አስቀመጠ። እጁን በሱሪው ጠረገና ወንበሩን ወደ እሷ ሳበ።

«አዎ» አለ። «ሞተብን።»

ከዚያ በኋላ ነው ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው። ጎረቤቶቹ ሰምተው በር ላይ ተሰበሰቡ፤ ማን አዲስ ሰው እንደሞተ እርስ በርሳቸው ተጠያየቁ።